ምች ያልነበረው የአፍ ቁስል

ባለቤቴ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳዎቹ መጀመሪያ ተድራ መካኒሳ ቤታችን ስትመጣ ከንፈሯ አብጦ፣ አፏ ውስጡ ቆስሎ ነበር። እናቴ አየቻትና «ምች ነው፤ ፀሐይ መትቷት ነው» አለች። ለእናቴ አፍ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ምች ነው። ከአጥሩ ጥግ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ቀባቻት፤ የተረፈውን አጠጣቻት። ቁስሉ አንድ ሰሞን ጠፍቶ ተመለሰ፤ ከምላሷ ሥር፣ ከጉንጯ ውስጥ፣ መሐሉ ነጭ ዙሪያው ቀይ ሆኖ። እናቴም ዳማከሴዋን አላቆመችም። እልኸኛ ናት፤ እኔም የእሷው ልጅ ነኝ።

የባለቤቴን ጥንካሬ ያየሁት ገበታ ላይ ነው። እናቴ በርበሬ የጠገበ ወጥ በትልቁ ጠቅልላ ስታጎርሳት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እጅዎ ይባረክ» ትላለች። ጉርሻ መመለስ ነውር ነው፣ ያውም የአማት። እኔ ብሆን ገበታውን ገልብጬ እወጣ ነበር። እሷ ግን ሁለተኛውንም ትቀበላለች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል እኮ።

ልብሷ እየሰፋት ሲሄድ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰድናት። እናቴም አልቀርም ብላ ተከተለችን። ሐኪሙ አፏን በባትሪ አይቶ፣ «ሆድሽንስ ያምሻል?» አላት።

እናቴ ቀደመቻት። «ሆዷ ምንም አይል! እኔ ቤት አይደል እንዴ የምትበላው?»

ነገሩ ገባኝ። የምራቷ ሆድ ታመመ ማለት የእናቴ ጓዳ ተሰደበ ማለት ነው፤ ጎረቤቱ «ምን ቢያበሏት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሐኪሙ አፍ የሚቀባ መድኃኒት ሊያዝልን እስክሪብቶውን አነሳ።

ባለቤቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። «ደም ያስቀምጠኛል» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ነው፤ የእማማ ምግብ አይደለም። አፌ ሲቆስል ሆዴም ይነሳብኛል።»

ኮራሁባት። እንዲህ ያለውን ነገር ሴት ልጅ ለወለደቻት እናቷ እንኳ የማትናገርበት ዘመን ነበር። እሷ በባዕድ ወንድና በአማቷ ፊት ተናገረችው፤ ያውም የአማቷን ስም ጠብቃ። ሐኪሙ እንደገና መረመራት። የአፏ ቁስል የአንጀቷ ሕመም ምልክት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም ጨርሶ ባያድናት እንደሚያስታግስላት ነገረን። ለአፏ ብቻ ታክማ ብትመለስ ኖሮ እናጣት ነበር።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጥላን ቀደመች። ተቀይማለች ብዬ ሰጋሁ። በማግስቱ ጎረቤቶች ቤታችን ነበሩ፤ ለምሳ የቀረበው ግን በርበሬ ያልነካው አልጫ ብቻ ነው። አንዷ ጎረቤት ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምነው፣ ቤት ውስጥ ሰው ታሟል እንዴ?»

ሁሉም ቀና አሉ። ምራቴ ታማለች የሚል ቃል ከእናቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ምች እንደሆነ ከበሽታ አይቆጠርም ነበር። እናቴ ባለቤቴን አየቻት።

«አዎ» አለች። «ልጄን አሟታል።»