ግንባር የሄደው ክኒን

ጎረቤቴ ለጉንፋኗ የባሕር ዛፍ ቅጠል በቀቀለች ቁጥር የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። እንፋሎቱ በመስኮት ሲገባ ናዝሬት ነኝ፤ ምሽቱ ይሞቃል፣ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ከሩቅ ይሰማል፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ እንፋሎቱ ላይ አጎንብሳለች።

እናቴ አስም ነበረባት። አቧራ በተነሳ ቁጥር ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። የምትውጠው ነጭ ክኒን ነበር፤ እሱ ካለ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥባለች፣ ከሌለ ተቀምጣ ታድራለች። በደርግ ጊዜ፣ አንድ ዓመት ላይ፣ ድራሹ ጠፋ። የውጭ ምንዛሪ የለም ይባላል፣ የተገኘውም ለጦሩ ነው ይባላል፤ እኛ ምን እናውቃለን፣ የምናውቀው የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ራሷን ስትነቀንቅ ነው።

አባቴ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ፍለጋ ወጣ። ዝዋይ ጠየቀ፣ አዳሚ ቱሉ ጠየቀ። ቡልቡላ ላይ “ሂን ጂሩ” አሉት። የለም በየትኛውም ቋንቋ የለም ነው፣ እቴ። ሲመሽ ባዶ እጁን መግባት አፍሮ የዝዋይ ዓሣ አንጠልጥሎ መጣ።

“ተገኘ?” አለች እናቴ።

“ግንባር ሄዷል አሉኝ።”

ታናሽ እህቴ ገና አፏን መፍታቷ ነበር፤ ጦርነትን የት ታውቃለች። ተነሥታ የእናታችንን ግንባር በመዳፏ ዳበሰችና፣ “እማዬ፣ እዚህ ገባ?” አለቻት።

አባቴ ፊቱን አዞረ። እናቴ ግን ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባት፣ ቢሆንም አልተወችውም።

“አዎ የኔ እናት፣ ደርሷል። ሳሚው በይ።”

ከዚያ ወዲያ እህቴ በየማታው ግንባሯን ስማ ትተኛለች፤ እናቴም “ቀለል አለኝ” ትላለች። ወይ ጉድ፣ እኔ ትልቋ እንኳ አምን ነበር። ጨለማው ውስጥ ትንፋሿን እየሰማሁ ሐይቅ ዳር የተኛሁ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ አረፈች።

በመስቀል ሰሞን ያቺ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ “ገብቷል፣ አስቀምጬላችኋለሁ፣ ቶሎ ኑ” ብላ ሰው ላከችብን። መርዶውን አልሰማችም ኖሯል። አባቴ ኮቱን ደርቦ ሄደ። ሲመለስ ክኒኑን ይዟል። መርዶውን ለሴትዮዋ ለምን እንዳልነገራት ስንጠይቀው፣

“በጣም ደስ ብሏት ነበር እኮ” አለን፤ “እንዴት ብዬ ልንገራት?”