የእትዬ ማኅተም ሹክሹክታ

ሰው በቆዳው ቀለም እንዳይበደል ይጠብቃል የተባለው ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ ከአለቃ እስከ ሾፌር አንድም ጥቁር ሠራተኛ አልነበረውም። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ መሳቂያ ሲሆኑ፣ ተሯሩጠው አንዲት ጥቁር ሴት ቀጠሩና የገባ ሁሉ በሚያያት መስኮት አስቀመጧት። ይኸው እዚያ ከተቀመጠች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አቤቱታ ትቀበላለች፣ ቁጥር ትሰጣለች፣ ማኅተም ትመታለች። እንኳን ሹመት፣ ወንበሯም አልተቀየረላትም። ባለጉዳዩ ሁሉ «እትዬ ማኅተም» ይላታል።

መሥሪያ ቤቱ ጉደኛ ነው። መቅጣት አይችልም፣ መክሰስ አይችልም፤ አጣርቶ ምክረ ሐሳብ ይጽፋል፣ የተጻፈለትም ድርጅት መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። በአንድ ነገር ግን የሚቀድመው የለም። አቤቱታ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ሙሉ ቅጂውን፣ ከነምስክሮቹ ስም፣ ለተከሰሰው ድርጅት ይልካል። ያም መልስ የመስጠት መብት አለዋ! በመብቱ ምን እንደሚሠራበት እትዬ ማኅተም አሳምራ ታውቃለች። ምስክሮቹ በሳምንቱ ወይ ይባረራሉ ወይ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብለው ይፈርማሉ፤ ፋይሉም የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ከሁለተኛ የሥራ ዓመቷ ጀምሮ አንድ ልማድ አወጣች። ቅጹን ስታቀብል ጎንበስ ትልና «የምስክር ስም አሁን አይጻፉ። ‹ጉዳዩ ሲሰማ አቀርባለሁ› ይበሉ፣ ደንቡ ይፈቅዳል» ትላለች። እውነትም ይፈቅዳል። ቅጹ ላይ ግን አልተጻፈም፤ ሠራተኛ ለባለጉዳይ ምክር እንዳይሰጥ የሚከለክል ማስታወቂያም ከራሷ ጀርባ ተለጥፏል።

የእህቷ ልጅ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። በእንግዳ አቀባበል የተመረቀች ልጅ ምድር ቤት አንሶላ ትተኩሳለች። ላይ ቤት ቦታ በተከፈተ ቁጥር ታመለክታለች። በስድስተኛው ማመልከቻዋ ሥራ አስኪያጁ ሦስት አጣቢዎች እየሰሙ «እንግዶቻችን ገና ከበር ሲገቡ አንቺን ቢያዩ ይደነግጣሉ» አላት። ልጅቷ አቤቱታዋን ጽፋ አክስቷ መስኮት መጣች።

እትዬ ማኅተም ያን ቀን አፏን ዘጋች። ማንም አላስገደዳትም። «ለዘመዷ አደላች» እንዳይሏት ፈራች፤ እንከን ሲፈልጉባት የኖሩ ሰዎች ናቸውና። ልጅቷ የሦስቱንም ስም ከነስልካቸው ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ ስታሰፍር እያየች ማኅተሟን መታችበት። ለዚህ ይቅር የሚላት ቢኖር እኔ አይደለሁም።

በአሥረኛው ቀን ሁለቱ አጣቢዎች ተባረሩ። ሦስተኛዋ፣ የአራት ልጆች እናት፣ ምንም አልሰማሁም ብላ ፈረመች። ልጅቷ አቤቱታዋን ልታነሳ መጥታ ከአንድ ሽማግሌ የአውቶቡስ ሾፌር ኋላ ተሰለፈች። እትዬ ማኅተም አላየቻትም። እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች።

«የምስክር ስም አሁን አይጻፉ፣ አባቴ። ሲሰሙዎት ያቀርባሉ።»

ሾፌሩ መርቋት ሄደ። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ደረሰች።

«ይህን ለስንት ሰው ነግረሻል?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ በእናትሽ።»

«እናቴ እኮ ናት ‹አክስትሽ እዚያ አለችልሽ› ብላ የላከችኝ። ለመንገደኛው ሁሉ የተፈታ ምላስ ለእኔ ሲሆን ታሰረ?»

«አደላች እንዳይሉኝ ብዬ ነው።»

«ያቺ የልጆች እናት እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ሁለቱ ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። ስማቸውን የጻፍኩት እኔ፣ ማኅተም የመታሽበት አንቺ። አንቺ ከሥራ አስኪያጁ ትብሻለሽ። እሱ የሚያስበውን ፊት ለፊት ነው የነገረኝ።»

ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረች። «የምስክር ስም አትጻፉ» አለች ጮክ ብላ። «ወረቀቱ በቀጥታ ለበደላችሁ ሰው ነው የሚሄደው። ይህቺ ሴትዮ ታውቃለች፤ ለሥጋዋ ግን አትናገርም።» ጥላቸው ወጣች።

ኃላፊው ጩኸቱን ሰምቶ ከቢሮው ብቅ አለ።

«ለባለጉዳይ ምክር ትሰጫለሽ?»

ልትክድ ትችል ነበር። «እሰጣለሁ» አለች። «የሚቆጨኝ ለአንዷ አለመስጠቴ ነው።»

«እዚህ ያስቀመጥንሽ እንድትታዪ እንጂ እንድትናገሪ መሰለሽ?»

በማግስቱ ከመስኮቱ ጀርባ ወዳለው፣ አሮጌ ፋይል ወደሚከመርበት ክፍል ተዛወረች። የሚለየው ስስ የእንጨት ግድግዳ ስለሆነ መስኮቱ ላይ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል። በቦታዋ የተተካችው ጸሐፊ ትሁት ናት፤ ባለጉዳይ አታመናጭቅም።

«ሁሉንም መስመር ይሙሉ፣ እመቤቴ። ምስክር ካለዎት እዚህ ጋ።»

«ባለቤቴ አይቷል» አለ የሴት ድምፅ። «እሱም እዚያው የከሰስኩት ድርጅት ነው የሚሠራው። ልጻፈው?»

«ይጻፉት እንጂ።»

እትዬ ማኅተም ግድግዳውን በጡጫዋ ደበደበች። «አይጻፉ» አለች፤ አቧራው ጉሮሮዋን ዘግቶት ድምፅዋ ተቆራረጠ። እንደገና ደበደበች።

«ምንድን ነው?» አለች ሴትየዋ።

«ምንም አይደለም፣ ፋይል እያስተካከሉ ነው» አለቻት ጸሐፊዋ። «ስልኩንም ይጨምሩበት።»