ሥዕል የሌለው ድረ ገጻችን

ባለፈው ሳምንት ጉዳይ ለመጨረስ ወረዳ ሄጄ፣ ሠራተኛዋ ማኅተሟን ቀለም አስነክታ ወረቀቴ ላይ ስታሳርፈው፣ የሐምራዊው ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ገባና ብቻዬን ሳቅኩ። ሴትዮዋ በማኅተሟ የቀለድኩ መስሏት ገላመጠችኝ። እኔ ግን የሳቅኩት በራሴና በወንድሜ ነበር።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ያኔ ሁለታችንም ተማሪዎች ነበርን። ውቤ በረሃ አካባቢ፣ የኮምፒውተሮቹ ሙቀትና ከጎን ካለው ኬክ ቤት የሚመጣው የቫኒላ ሽታ በሚቀላቀሉበት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ ስለምንወደው አንድ የቪዲዮ ጌም በአማርኛ ድረ ገጽ ከፈትን። አንድ ባለ ጎራዴ የጠፋ ደወል ፍለጋ ከተማ ሲያስስ የሚውልበት ጌም ነው። እንግሊዝኛው የከበዳቸው የሰፈር ልጆች የሚጫወቱት የኛን መመሪያ እያነበቡ ስለነበር፣ ወንድሜ መንገድ ላይ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ ሥዕሉንና ሙዚቃውን ከጌሙ እየቀዳ ይለጥፋል። የሰው ንብረት መሆኑ ትዝም አላለን። እንዲያውም፣ "ማስታወቂያ እየሠራንላቸው ነው፤ ሊያመሰግኑን ይገባል" ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ምስጋናው መጣ። የጌሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ጠበቃ፣ ሥዕሉም ሙዚቃውም ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለሆነ በሰባት ቀን ውስጥ ድረ ገጻችሁን ካልዘጋችሁ እንከሳለን ብሎ ጻፈልን። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። የሁለት ዓመት ልፋታችን ነበርና እኔ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ።

ከባሕር ማዶ ጠበቃ ጋር እንዴት እንደሚወራ የሚነግረን ሰው አልነበረንም። የምናውቀው የሕግ ሰው ቢኖር ፍርድ ቤት አጥር ሥር ቁጭ ብለው በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ሄደን ነገርናቸው።

"ሥዕሉ የማን ነው?" አሉ።

"የነሱ ነው ጋሼ።"

"ጽሑፉስ?"

"እሱ የኔ ነው።"

"የሰው ወርቅ አያደምቅ። የነሱን መልሱ፣ የራሳችሁን ለምኑ። ለምን ትከራከራላችሁ?"

ታይፑ ይንጣጣ ጀመር። "እኛ ነዋሪነታችን በአራዳ የሆነ አመልካቾች" ብሎ የሚነሳ፣ "ወጣትነታችንና አለማወቃችን ታስቦ" እያለ የሚማጸን ሁለት ሙሉ ገጽ ወጣ። ቴምብር አስለጠፉን። ምስክር የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም ብለው ሦስት የጎረቤት አባቶች እንድናስፈርም አዘዙን። አንደኛው መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ሐምራዊ የማኅተም ቀለም ውስጥ ነክረው አተሙበት። ወንድሜ ማመልከቻውን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው፣ ዋናውንም ስካን አድርጎ ከነቴምብሩ ላከው።

በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ። ሥዕሉና ሙዚቃው ይውጣ፣ ጽሑፉ ግን የራሳችሁ ነውና ይቆይ ይላል። ከሥሩ ጠበቃው፣ የጣት አሻራው የማን እንደሆነ በግሉ ጠይቆ ነበር። ይህን ለባለ አሻራው ጎረቤታችን ስንነግራቸው፣ "እኔ አፍንጮ በርን ሳልሻገር ጣቴ ባሕር ተሻገረ!" እያሉ ያላወሩለት ሰው አልቀረም።

ሥዕሉ ሲወጣ ድረ ገጹ የተላጨ ራስ መሰለ። መንገዱን በቃል ማስረዳት ነበረብኝና አንባቢዎቼ የሚያውቁትን ሰፈር፣ ፒያሳን ተጠቀምኩ። "ድልድዩ ልክ እንደ ራስ መኮንን ድልድይ ነው፤ ተሻግረህ በግራ አቀበቱን ያዝ" አልኩ። "ደወሉ ያለው፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ የድንጋዩን ደረጃ ስትወርድ የምታገኘውን ባለ እንጨት ሰገነት ቤት በሚመስለው ውስጥ ነው" አልኩ። ልጆቹ ከሥዕሉ ይልቅ ይሄ ቀለላቸው። ወንድሜ፣ "መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትጽፊ ምን ነበረበት?" እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

ድረ ገጹ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ጽሑፉ ግን ኮምፒውተሬ ላይ አለ። በቀደም የወንድሜ ልጅ ያንኑ ጌም እየተጫወተች መመሪያዬን ስታነብ ቀና አለችና፣ "አክስቴ፣ ይሄ ባለ ሰገነት ቤት ፒያሳ የት ጋ ነው?" አለችኝ።

ቤቱም ደረጃውም ፈርሰው ዛሬ ቦታው ሰፊ መንገድ ነው፤ ወስጄ ላሳያት አልችልም። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ "ድልድዩን ተሻገሪ፤ በግራ ውጪ፤ አሁን ደረጃውን ውረጂ" አልኳት። ባለ ጎራዴው ደረጃውን ወርዶ ቤቱ ፊት ቆመ።

"ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ነበር" አልኳት።