በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለልኩት ጣቢያ

ነገሩ የጀመረው ሰመራ በተከራየሁት ክፍል፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ አዋሽ ወዳለው አባቴ ልሄድ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ኮምፒውተር ላይ የባቡር ጌም ስጫወት ከኋላዬ ቆሞ፣ ባቡሮቹ ሊጋጩብኝ እንደሆነ እየነገረኝ፣ እሱ ይሠራበት የነበረውን ጣቢያ ጌሙ ውስጥ አብረን ሠራን። ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ ጣቢያው ፍላሽ ላይ ቀረ። ሰሞኑን ዓይኑ ሳይብስበት አንዴ ሊያየው እንደሚፈልግ በስልክ ነገረኝ። እኔም ዓይነ አፋሯ፣ ሰው ፊት የማልናገረውን ጉራ በስልክ ነፋሁ፤ ስልኬ ላይ ጭኜ አመጣልሃለሁ አልኩት።

የኮምፒውተር ጌም ስልክ ላይ የሚያስነሳ ሶፍትዌር አለ። ስልኩ ኮምፒውተር መስሎ መታየት ይኖርበታል፤ በሰመራ ሙቀት ደግሞ መምሰል ያደክማል። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እንደ ምጣድ ግሎ ጠፋ።

ባለዲግሪ ነኝና መላ አላጣሁም። ግቢያችን ውስጥ የመጠጥ ውኃ የሚቀዘቅዘው ጠርሙሱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ ላይ ሲሰቀል ነው። ስልኬን በፌስታል ቋጥሬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከአከራዬ ጠርሙሶች ጎን ሰቀልኩት። ሲቀዘቅዝ አውርጄ ብከፍተው ጣቢያችን ከነባቡሮቹ ብቅ አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠፋ። መልሼ ሰቀልኩት፤ በደስታ ፌስታሉን መቋጠር ረስቼ።

በግቢው ልማድ በዚያ ያለፈ ሁሉ የሁሉንም ጨርቅ ያረጥባል። አከራዬ ጆግ ይዘው ሲመጡ ከክፍሌ በር ላይ ሆኜ አየኋቸው። ስልክ ነው ማለት ብቻ ነበረብኝ። ስልክ እንደ ውኃ መስቀሌን በምን ቋንቋ እንደማስረዳ ሳሰላስል ጆጉን ገለበጡት።

«ያንቺ ደርቆ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

አመስግኜ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ስልኬ አልበራ ሲለኝ፣ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እናቴ፣ ትናንት ያጠጡት ስልኬን ነበር» አልኳቸው።

«ደግሞ ስልክም ይጠማዋል?» ብለው፣ ሳቃቸውን በሻሻቸው ሸፍነው የራሳቸውን ስልክ ሰጡኝ።

ለአባቴ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። አዋሽ እንደደረስኩ ፍላሹን ይዤ ኮምፒውተር ካለው ጎረቤት ዘንድ ሄጄ እንደምለምንም ጨመርኩ።

«አንቺ? የሰው ቤት ሄደሽ?» አለ።

«አዎ፣ እኔ» አልኩትና ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።