ስድስት ወር የጠበቅሁት ፊልም

ያን ፊልም ስድስት ወር ጠብቄዋለሁ። ማስታወቂያውን ያየሁት በሻይ ሰዓት፣ በሥራ ባልደረባዬ ስልክ ላይ ነው። አንድ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ እጁን ይታጠባል። ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ አያበቃም። ከኋላው በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። ፊልሙ ድብደባን ሳያሳምር እንዳለ ነው የሚያሳየው ተብሎም ይወራ ነበር። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ነው።

ነርስ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ቁስል ስሰፋ ዓመታት ሆኖኛል። በዚህ የተነሳ ፊልም በሰላም ማየት አልችልም። ጭንቅላቱን በጠርሙስ የተፈነከተ ሰው ደሙን በእጁ ጠረግ አድርጎ አጥር ሲዘል፣ ሆዱን የተወጋው ለፍቅረኛው ረጅም ንግግር ሲያደርግ እናደዳለሁ። ባሌ "ዝም ብለሽ እይ" ይለኛል። እሱ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ደም ሲያይ ግን ላብ ያጠምቀዋል።

ስለ ፊልሙ ስነግረው "ቀኑን ሙሉ የምታይው አይበቃሽም?" አለኝ።

"ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።"

"ምኑ ነው ሌላ?"

"አይገባህም" ብዬው አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር መልሱ ለእኔም ግልጽ አልነበረም። ሥራዬ ላይ የማየው መጨረሻውን ብቻ ነው። ሰው ተመትቶ ይመጣል፣ እሰፋዋለሁ፣ ይሄዳል። የመታው ሰው በዚያች ደቂቃ ምን ሲያስብ እንደነበር አላይም። ያን የሚያሳየኝ፣ የማይዋሽ አንድ ፊልም ነበር የምፈልገው።

ወጣ ሲባል መናኸሪያ አካባቢ ካለ ፊልም የሚጭን ሱቅ በፍላሽ አስጭኜ መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል ከፈትኩት። ገና ከመጀመሩ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ በአማርኛ፣ "ይሄ እጁን የሚታጠበው ሰውዬ ሚስቱን የገደለ ነው፤ ግን መግደሉን ራሱም አያውቅም" አለ። ለካ የጫነልኝ ከላይ እየተተረከ የሚታየውን ትርጉም ፊልም ኖሯል። ስድስት ወር የጠበቅሁትን ምስጢር በግማሽ ደቂቃ ጨረሰልኝ። ፍላሹን ነቅዬ በቤት ጫማዬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

"የምፈልገው ዋናውን ነው" አልኩት ባለሱቁን።

"እሱ እንግሊዝኛ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ሰው የሚወደው ትርጉሙን ነው። አያደክምም።"

"እኔ መድከም ነው የምፈልገው።"

የታመመ ሰው እንደሚታይ አየኝና ዋናውን ጫነልኝ። ገዳዩን ባውቀውም እንዴት እንደገደለ ማየት ይቀረኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልተን ልከፍት ስል አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከዳምቦያ ደረሱ። ሰኞ የዓይን ቀጠሮ አላቸው፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ በእሳቸው ፊት እንዲህ ያለ ፊልም መክፈት የማይታሰብ ነው። በእኛ ወግ ምራት የአማቷን ስም እንኳ አትጠራም። ባሌ ግን "አባባ፣ እሷ ስድስት ወር የጠበቀችው ፊልም አለ" ብሎ አጋለጠኝ።

"ክፈቺው ልጄ" አሉ። "እኔ እንደሆነ አይታየኝም።"

ከፈትኩት። አይታየኝም ያሉት ሰው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም።

"አሁን ምን እያደረገ ነው?"

"እጁን እየታጠበ ነው፣ አባባ።"

"ምን ነክቶት?"

"እሱ ገና አልታወቀም።"

ትንሽ ቆዩና፣ "አሁንስ?"

"አሁንም እየታጠበ ነው።"

"ውሃውን ጨረሰው" አሉ።

ጥርሴን ነከስኩ። የእኔ አፍ መፍቻ ሀዲይኛ፣ የእሳቸው ከምባትኛ ነው፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን እየሰማሁ በአማርኛ እነግራቸው ጀመር። በመሀል የሚያልፈኝ ንግግር ብዙ ነበር፣ እየመለስኩ አያለሁ፣ እንደገና ይጠይቁኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ ልቤ አንዴም በፍርሃት አልመታም፤ ሊፈነዳ የደረሰው በንዴት ነው።

ከዚያ ያ የተወራለት ቦታ መጣ። ሰውዬው ጎረቤቱን ጋራዥ ውስጥ ያገኘዋል። ባሌ ሻይ ልጣድ ብሎ ወጣ።

"ምነው ድምፁ ጠፋ?" አሉ አማቴ።

"እየመታው ነው።"

"በምን?"

"በብረት።"

"ለምን?"

"እንጃ፣ አባባ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እየመታው ነው።"

እንደተባለው ነበር። ሙዚቃ የለውም፣ አይቸኩልም፣ የሚደበደበው ሰው ድንገተኛ ክፍል እንደማውቃቸው ሰዎች ትንፋሽ ያጥረዋል። የጠበቅሁት ይሄው ነበር። ግን በአፌ ስናገረው እንደ ማየት አልሆነልኝም። "አሁንስ?" ሲሉኝ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን እንዳዞሩ በወጣትነታቸው ያዩትን ነገሩኝ። በገበያ ቀን ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተጣልተው አንዱ ሌላውን በዱላ ጣለው። የወደቀውን በቃሬዛ ይዘው ወደ ክሊኒክ ከሮጡት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

"መንገዱን ሙሉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር" አሉ። "'አህያዬን ማን ያዘልኝ?' ይላል። ይዘንልሃል ብንለው አያምነንም።"

"ሞተ?"

"አልሞተም። ቀኝ እጁ ግን አልሠራ አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ታረቁ። የመታው ሰውዬ እስኪያረጅ ድረስ የተጎጂውን ማሳ አረሰለት። ክረምት በመጣ ቁጥር በሬዎቹን ነድቶ ይመጣል፣ አርሶ ይሄዳል። ተጎጂው ዳር ቆሞ በአንድ እጁ እያመለከተ 'እዚያ ጋ ዘለልክ' ይለዋል።" ትንሽ ሳቁ። "እንዲህ ያለውን ያሳያሉ?"

"አያሳዩም" አልኳቸው።

ሰኞ ቀጠሮው ተራዘመ ተባልንና አማቴ በመጡበት ተመለሱ። ያን ቀን በወረፋው፣ በመዝጋቢዋ፣ በሁሉም ተናድጄ ዋልኩ።

የፊልሙን ቀሪ ያየሁት ረቡዕ፣ በዕረፍቴ ቀን፣ ብቻዬን ነው። ከጋራዡ ጀመርኩት። በደንብ የተሠራ ነው፣ አልዋሸኝም፤ የገዳዩም ፊት ለማየት የፈለግሁትን ያህል አሳየኝ። የተደበደበውን ሰው ግን ከጋራዡ በኋላ ማንም አላነሳውም። ስሙም አልተጠራም፣ ቤቱም አልታየም። ፊልሙ አልቆ ጽሑፉ ሲወርድ እንኳ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።

ባሌ ከትምህርት ቤት ሲመጣ "እንዴት ነበር?" አለኝ።

"ጥሩ ነው።"

"ታዲያ ለምን ተኮሳትረሻል?"

የአህያውን ታሪክ ነገርኩት። አባቱ ለእሱ አንድም ቀን ያልነገሩትን ለእኔ እንደነገሩኝ ሲሰማ በተራው እሱ ተኮሳተረ። ስልኩን አነሳና ዳምቦያ ለአባቱ ደወለ።