ሊዝበን የደረስኩት ለቅሶ

ከተማዋን ለመጥላት ቆርጬ ነው የሄድኩት። ዛሬ ይህን መናገር አይከብደኝም፤ ያኔ ግን ለራሴም አልነገርኩትም። ልጄ ማውንቴን ቪው ካለው መሥሪያ ቤቷ ከፈለገችው አገር ሆና እንድትሠራ ተፈቅዶላት ሊዝበንን መርጣ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ዩኒየን ሲቲ ያለው ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

«አባዬ፣ ፈርስት አብረን ቬኬሽን እንሂድ። ሰፈሮቹን እያቸው። አንተ ካልወደድከው አልሄድም፣ አይ ፕሮሚስ» አለችኝ።

ስለዚህ የሳምንት ሽርሽር ተብሎ ያ ሁሉ መንገድ የተኬደው እኔ አንድ ቃል እንድናገር ነው። እሺ ካልኩ ትሄዳለች፣ እኔም ብቻዬን እቀራለሁ።

ለመጥላት ለተነሳ ሰው ደግሞ ሊዝበን አታሳፍርም። ፀሐዩ መልካም ነው፣ እሱን አልክድም፤ ፀሐዩ የሚያገማው ነገር ነው የከፋው። ጠባቡ ደረጃ ሁሉ ሽንት ሽንት ይላል። በየደጃፉ ሰርዲን ይጠበሳል፤ ጭሱ ሸሚዝ ውስጥ ገብቶ ሆቴል ድረስ አብሮ ይመጣል። ከፎቅ የተሰጣ የሰው የውስጥ ልብስ አናቴ ላይ ሲያንጠባጥብ ልጄ ቀና ብላ ፎቶ ታነሳዋለች። «ኢትስ ሶ ኪዩት፣ አባዬ!» የሰው ፓንት ምኑ ነው ኪዩት? ቱሪስቱማ አይነሳ። ልብሱን ጥሎ ሊጨርስ ትንሽ የቀረው ጎረምሳ ገና በጠዋቱ ቢራ ይዞ ይጮኻል፤ በድንጋይ ንጣፉ ላይ የሚጎተተው ሻንጣ ቀኑን ሙሉ ጥርስ ያፋጫል። እኛም ከነሻንጣችን ከእነሱ አንዱ መሆናችን አልታየኝም።

በሁለተኛው ቀን አልፋማ የሚሉትን አሮጌ ሰፈር ዞረን ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። አጠገባችን ላሉት ባልና ሚስት ሳህን ሙሉ ቀንድ አውጣ ቀረበላቸው። ቀንድ አውጣ! ክረምት ሲገባ አጥር ላይ የሚሳበው፣ በልጅነታችን ጨው ስንነሰንስበት አረፋ የሚደፍቀው። ሴትየዋ በስቴኪኒ እየጎለጎለች፣ ቀፎውን እየመጠጠች ትበላዋለች፤ የመምጠጧ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልጄ ሳቀች። ደጋግሜ ፊቴን ባጨፈገግኩ ቁጥር ግን ሳቋ እያነሰ ሄደ። አይቻታለሁ፤ ማጨፍገጌን አልተውኩም።

በአራተኛው ቀን ግራሳ ወደሚባል ዳገት ላይ ያለ ሰፈር ወጣን። ልጄ አንድ የሚከራይ ቤት ለማየት ከወኪል ጋር ቀጠሮ ነበራት። ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ቀደመችኝ።

«ቀስ ብለህ ና፣ አባዬ። ግሪን በር ነው። ከጠፋብህ ኮል አድርግልኝ።»

ቁና ቁና እየተነፈስኩ ኩርባውን ስዞር መንገዱ ዳር ወንበር ተደርድሯል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሱ አሮጊት መሃል ተቀምጠው ፊታቸውን በመሐረብ ይዘዋል። ግራና ቀኛቸው ጎረቤት የሚመስሉ አምስት ስድስት ሰዎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሶፋና ፍራሽ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ እኛ ለቅሶ ሲሆን ለተቀማጩ ቦታ እንዲሰፋ ዕቃ እንደምናወጣው። የአንድ ሰውዬ ፎቶ ከነፍሬሙ ወንበር ላይ ቆሟል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ለቅሶ አይቶ ማለፍ አልተማርኩም። ሟቹን አላውቅ፣ ቋንቋቸውን አልሰማ፣ ግን እግዜር ያያል። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው። ከዚያ ባዶ ወንበር ስቤ አንገቴን ደፋሁ። ለቅሶ ቤት ተገብቶ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ አይባልም፤ መቀመጥ ነው። አሮጊቷ ዞር ብለው አዩኝና እጄን ያዙኝ። እጃቸው ደረቅና ሻካራ ነበር። ሚስቴ የሞተች ጊዜ ቤታችን መጥቶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። እዚያ አገር ከገባሁ ከልቤ ያደረግኩት ነገር ያ ብቻ ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደተቀመጥን ከጀርባችን ያለው አረንጓዴ በር ተከፈተና ልጄ ብቅ አለች። ከኋላዋ ሽቶው የሚያፍን ወጣት ወኪል ቆሟል።

«አባዬ! እዚህ ምን ታደርጋለህ? ካም አፕ! ቤቱ ኤምፕቲ ነው፣ ላይቱ ደግሞ አሜዚንግ!»

አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤት እንግሊዝኛ ትንሽ ይችላል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አስረዳኝ። ማንም አልሞተም። ፎቶው ድሮ የሞቱት ባላቸው ነው። ሴትዮዋ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ተሸጦ ዛሬ የሚወጡበት ቀን ነው፤ ዕቃ የሚጭነው መኪና እስኪመጣ ጎረቤቱ አብሯቸው ተቀምጧል። ለእኔ የነገረኝን ሲጨርስ ለእሳቸው ደግሞ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላቸው። ልጄን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። እጄን ለቀቁት።

እኛም ዩኒየን ሲቲ ከመግባታችን በፊት፣ ሌክ ሜሪት የሚባል ሐይቅ አጠገብ ስንኖር ሕንጻው ተሸጦ ውጡ ተብለናል። ገና ሳንወጣ አዲስ ተከራዮች ቤቱን ሊያዩ ሲገቡ ሚስቴ ወጥ ጥዳ ነበር። አንዷ አፍንጫዋን ይዛ፣ ይሄ ሽታ ቀለም ሲቀባ ይለቃል ወይ ብላ ወኪሉን ጠየቀችው። እኛ እዚያው ቆመን። ሚስቴ እስክትሞት ድረስ ያቺን ሴት አልረሳቻትም። ልጄ ያኔ ኮሌጅ ስለነበረች ይህን አላየችም፣ እኛም አልነገርናትም።

ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ልጄ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችኝ።

«ሶ፣ አባዬ... ምን አሰብክ?»

ነገርኳት። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ሌክ ሜሪት፣ ስለ እናቷና ስለ ወጡ ሽታ። እናቷ ጋ ስደርስ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ አላቆምኩም።

«የሰው እንባ ላይ አልጋ ዘርግተሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አልኳት።

«ኖ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አልሄድም። እንደዛች አፍንጫዋን እንደያዘችው ሴትዮ መሆን አልፈልግም።»

ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የተናገርኩት ለአሮጊቷ አዝኜ አልነበረም። ልጄ አልሄድም ስትል ደስ አለኝ። ሰውነቴ ፈታ እስኪል ደስ አለኝ። ማንም ያልወጣበት ቤት፣ ሌላ ሰፈር መፈለግ ይቻል ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

ከተመለስን ከወር በኋላ ሳን ሆዜ አንድ ወዳጄ ቤት ክርስትና ተጠራን። ምሳ ላይ ልጄ ታሪኩን በተሰባበረ አማርኛዋ አወራችው። «አባቴ የማያውቃት ሴትዮ ጋ ለቅሶ ተቀመጠ። እኔ ቤቷን ልወስድ ነበር። አይኔን ኦፕን አደረገው» አለች። አንድ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ከመቀመጫቸው ተነስተው እጄን ጨበጡኝ።

«እንደ እርስዎ ያለ አባት ዛሬ ከየት ይገኛል?»

«ኧረ ምንም አላደረግኩም» አልኩ፣ አንገቴን በትሕትና ሰበር አድርጌ። የቤቱ እመቤት «ይገባዎታል» ብለው ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ታግዬ ዋጥኩት። ራሴን ተጸየፍኩት። ቀንድ አውጣውን የምትመጥጠው ሴት እንኳ የምትበላውን አልደበቀችም። ያ ቤት ዓመት ሙሉ ባዶውን የቆመ፣ ማንም ያላለቀሰበት ቢሆን ኖሮ፣ ጣሪያው ዝቅ አለ፣ ደረጃው በዛ ብዬ አስቀራት ነበር።

ስንመለስ መኪናውን የነዳችው ልጄ ናት። ደጃችን ስንደርስ «ቴንክ ዩ፣ አባዬ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከሊዝበን ከመጣን ወዲህ ቅዳሜና እሁዷ እንዲሁ ነው። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። በይ ሂጂ፣ እኔ አለሁ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ለማንኳኳትም እጄን አንስቻለሁ።

«ሻይ ላፍላልሽ?» አልኩ።

«ኖ፣ አይም ጉድ» አለች ከውስጥ።