የቦቃው በሬ ዓይን

ወንድሜ እርፍ መጨበጥ አያውቅም። ሰው ሁሉ ዶክተር፣ ተመራማሪ እያለ ሲያሞግሰው ነገሩ ከዚህ እንደጀመረ የሚያስታውስ የለም። አባታችን እርሻ ሊያስተምረው ሦስት ክረምት ለፋ። እሱ ግራኝ ስለሆነ እኛ እርፍ በምንይዝበት እጅ ጅራፍ ይይዛል፤ በሬዎቹ ይደናገሩና ትልሙ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በመጨረሻ አባታችን ተስፋ ቆረጠና «ይኸ ለሥራ አይሆንም፤ ተማሪ ቤት ይሂድ» አለ። በዚያው ሄደ። እኔ ትልሜ ቀጥ ያለ ስለነበር ከሞፈሩ ጋር ቀረሁ። ሰው በጉብዝናው ሲቀጣ ያየሁት በራሴ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ በቀበሌው የእህል መጋዘን፣ ልጄ በምትሆን አስተማሪ ፊት። ዛሬም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ አይደለም። የሠራሁትን ልናገር ነውና ከምን እንደመጣ ይታወቅ ብዬ ነው።

እኔ የማውቀው፣ ወንድሜ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዘር ቆጠራ። በእኛ ደብርና በዙሪያው ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት እኔ ዘንድ ይመጣል። ሙሽራውና ሙሽሪት እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው አያት ሁለት ጎጆ እንደነበረው ከጭንቅላቴ አውጥቼ እናገራለሁ። ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። በዚህ የተነሳ የረገመኝ ብዙ ነው፤ ሳይጠይቀኝ የዳረ ግን የለም።

አምና ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ወንድሜ መጣ። እኔ ከእርሻ ገብቼ አጎዛው ላይ አረፍ ከማለቴ እናታችን «ተነሥለት እስቲ፣ መንገድ ያደከመው ነው» አለች። ከንፋስ መውጫ በባጃጅ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ጀምሬ ስገለብጥ የዋልኩ ነኝ። ተነሣሁለት።

የመጣው እኛን ናፍቆ ብቻ አልነበረም። የሚያጠናው ካንሰርን ነው፤ ግን የሰውን ብቻ ሳይሆን የእንስሳውንም። ዝሆን ያን ሁሉ ገላ ተሸክሞ እምብዛም አይታመምም፤ አይጥ ግን ጭብጥ የማትሞላ ሆና ቶሎ ይይዛታል። ለምን? በሬውስ፣ አህያውስ እንዴት ይለያያሉ? መልሱን በየእንስሳው ዘረመል ውስጥ ነው የሚፈልጉት። በስልክ ስንነጋገር የቦቃው በሬዬን ነገር አጫውቼው ነበር። ቦቃው ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ነው፤ በቀኝ ዓይኑ ጥግ ሥጋ በቅሎበት እንደ ባቄላ አክሏል። እኔ የነገርኩት ጭንቀቴን ነበር። እሱ የሰማው ሌላ ነው። ዕቃውን ጭኖ መጣ።

በሬውን ጥለን አሰርንለት። አደንዝዞ ከሥጋው ላይ ከአራት ቦታ ምስር ምስር የሚያህል ቆርጦ በትንንሽ ብልቃጥ ከተተ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለ። «ነገ ወደ ስማዳ እሄዳለሁ፤ ከዚያ እስቴ። ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ከዚሁ ሥጋ እንደገና እቆርጣለሁ። በመሃሉ እንዴት እንደተለወጠ ማየት አለብኝ። እስከዚያ አትተኩሱት።»

እኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲበቅል ማጭድ አግለን እንተኩሳለን። አባታችን ተኩሷል፤ የአባታችን አባትም ተኩሷል።

«ዓይኑ ቢጠፋስ? ሌላ በሬ የለኝም፤ ጥማዴ እሱና ዳለቻው ናቸው» አልኩት።

«መተኮሱ አያድነውም። ስመለስ ግን ሥጋውን ከሥሩ ላወጣው እሞክራለሁ፤ ቃሌ ነው።»

እሺ አልኩ። ስል ከልቤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ተሰበሰበ። የንስሐ አባታችንም መጡ፤ ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው የድጓ ትምህርት ያስመሰከሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ወንድሜ አንድ ሰፊ ወረቀት ዘረጋ። ቀደም ሲል እስቴ ካገኘው አንድ አህያ የተቆረጠ እባጭ እንዴት እንደተዋለደ የሚያሳይ ነው፤ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተስሏል።

«ካንሰር ከውጭ አይመጣም» አለ። «ከገዛ ገላችን አንዲት ሕዋስ ናት የምታምፅ። እሷ ሁለት ትሆናለች፣ ሁለቱ አራት። በተባዛች ቁጥር በዘረመሏ ላይ ትንሽ ስህተት ይገባል። ስህተቱን ልጆቿ ይወርሱታል፤ የየራሳቸውንም ይጨምሩበታል።»

«አሃ!» አሉ አባ። «ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ቃል ቢዘል፣ ከዚያ ዳዊት የሚገለበጠው ሁሉ ያችኑ ይዘላል። ይኸ ምን ዶክተር ያስፈልገዋል?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ወረቀቱን እያየሁ ነበር። ሌላው ሰው ሐረግ ነው ያየው፤ ለእኔ የሰው ቤት ነበር። ይኼ አባት፣ እነዚህ ልጆች፣ ያቺ የወንድም ልጅ። በየቅርንጫፉ ሥር ስህተቶቹ በቁጥር ተጽፈዋል። ቁጥር አነባለሁ። ቀስ ብዬ ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩና ጣቴን አንዱ ላይ አሳረፍኩ።

«ይኼ የዚህ ልጅ አይደለም።»

«የቱ ጋሼ?»

«ይኼ። አባቱ ሰባት ምልክት አለው። ልጁ ስድስቱን ይዞ አንዱን የት ጣለው? የአጎት ልጅ ነው እንጂ። ከዚህ ቤት አይወለድም።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየ። ምልክት የሚጠፋበት ጊዜም አለ ብሎ ሊያስረዳ ጀመረና ተወው። እስክሪብቶ አውጥቶ ቅርንጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገ። በዚያች ሰዓት በሕይወቴ ተሰምቶኝ የማያውቅ ደስታ ተሰማኝ። ደረቴን የሞላው ነገር ገና ሳይወርድ ወንድሜ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ለተሰበሰበው ሰው፣

«ጋሼ ተምሮ ቢሆን ኖሮኮ ዶክተሩ እሱ ነበር!» አለ።

«እኛስ?» አሉ አባ። «ማን አርሶ ያበላን ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናታችን ሳቀች። የገዛ ሚስቴ ሳቀች። ወንድሜ ያለው ለፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ክፉ ቢናገር ይሻለኝ ነበር፤ ለክፉ መልስ አለኝ። ሃምሳ ዓመት አፍኜ የያዝኩትን ነገር እንደ ቀልድ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። እውነቱንም ነው።

በነጋታው ስማዳ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴን ጠራሁና ማጭድ እሳት ውስጥ ከተትኩ።

«ዶክተሩ አትንኩት ብሎ አልነበረም እንዴ?» አለ ጎረቤቴ።

«በሬው የማን ነው?»

«ያንተ።»

«እንግዲያ ቀንዱን ያዝ።»

«ያዝኩ፣ ያዝኩ። ኋላ በእኔ እንዳታላክክ ብቻ!»

በአራት ቦታ ተኮስኩት። ወንድሜ የቆረጠበትን አንድ በአንድ እየፈለግሁ፣ ማጭዱ ሲቀዘቅዝ መልሼ እያጋልሁ። በሬው ሲያጓራ የታየኝ የበሬው ዓይን አልነበረም፤ ያ ወረቀት ነበር። የሥጋው ሽታ ከልብሴ ሳይለቅ ሰነበተ።

ከፋሲካ በኋላ ወንድሜ ብልቃጡን ይዞ ተመለሰ። ጠባሳውን አየ። ጥቁር ቅርፊት ሆኗል፤ የሚቆረጥ ነገር የለውም።

«ዓይኑ ሲያነባ አላስቻለኝም» አልኩት። ውሸት ነው።

አመነኝ። አምኖም ይቅርታ ጠየቀኝ! «ከአንተ ይኼን ያህል መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ያለህ ሁለት በሬ ነው» አለ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። መኪና ወደሚገኝበት ወደ አርብ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ ሲወርድ ከኋላው እያየሁ፣ መልካምነትም ከተማሪ ቤት የሚገኝ ይሆን ወይ አልኩ።

ቦቃው ሰኔን አረሰ። ሐምሌ ላይ ከቅርፊቱ ሥር፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ሥጋው ብቅ አለ። እንደ ቀድሞው አዝጋሚ አይደለም፤ በነሐሴ ዓይኑን ሸፈነው፣ በጳጉሜ መንጋጋው አበጠ። ያን ጊዜ ለወንድሜ ደወልኩ። ያድንልኛል ብዬ ነው።

መስከረም ላይ መጣ። ዙሪያውን ዳሰሰና አንገቱን ነቀነቀ። «አልፎታል ጋሼ፤ ከሥሩ አይወጣም። ባያሠቃይ ይሻላል።»

አረድነው። ጭንቅላቱን ወንድሜ ወሰደ። ቀድሞ ቢሆን ሥጋው ለቅርጫ ይከፋፈል ነበር፤ አባቶቻችን እባጭ ነው ብለው እሱን ጥለው ሌላውን በልተዋል። አሁን ግን ወንድሜ ስሙን ካንሰር ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለነገረ ቅርጫ የሚገባ አንድ ሰው ጠፋ። ሥጋውን ጅብ በላው። ዳለቻውን ከጎረቤቴ በሬ ጋር በመቀናጆ ማረስ ጀመርኩ፤ አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን።

በሬው የታረደ ዕለት ወንድሜ ደጅ ተቀምጦ ብልቃጥ ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ። ደስ ብሎታል። ሊደብቀው ቢሞክርም ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ታውቃለህ? ከእሳቱ የተረፈው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ምናልባት ሁሉም የአንዲት ሕዋስ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ብልቃጦች አሉኝ፤ እነዚህም አሉ። የትኛው ቤት እንደተረፈ መቁጠር እንችላለን።»

አጥንቴ ድረስ ተቃጠልኩ። በሬዬን ያጣሁት እኔ። ክፋቱን የሠራሁት እኔ። የክፋቴን ፍሬ የሚሰበስበው እሱ!

ለእያንዳንዱ እንስሳ የሚሞላ ቅጽ አለው። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲጽፍ «ቀድሞ የተደረገለት ሕክምና፣ መተኮስ» አለ ለራሱ። «ምክንያት… ለማዳን ልበለው አይደል?»

«እስክሪብቶውን አምጣ» አልኩት።

ሰጠኝ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ መስመሩም ጠበበኝ። «ለማዳን አይደለም። በወንድሜ ቀንቼ ነው» ብዬ ጻፍኩና መለስኩለት።

አነበበው። ሁለት ጊዜ ያነበበ መሰለኝ። ጎረቤቴ ቆዳውን እየወጠረ ያፏጫል። ወንድሜ ቅጹን የሚቀደው መስሎኝ ጠበቅሁ። ሲቀደው ልሳደብ ተዘጋጅቼ ነበር።

«በስንት ቦታ ነው የተኮስከው?» አለኝ በመጨረሻ።

«በአራት።»

«ከየት ጀምረህ?»

«አንተ መጀመሪያ ከቆረጥክበት።»

ጻፈው። የእኔን ጽሑፍ ሳይሰርዝ ከሥሩ ጻፈው፤ ቅጹንም አጥፎ ከብልቃጦቹ ጋር አስቀመጠው። ከዚያ ተነሥቶ ለጎረቤቴ ቆዳውን በሌላ በኩል ያዘለት።

አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ብሆን በማጭዱ እዘርረው ነበር። በዚህም ቀናሁበት።